ጥላው የት ይውላል? ለአርክቴክቸር ተማሪዎች የመጀመሪያ የእጅ ግንባታ ዝርዝር መመሪያ

ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር መጀመሪያ የገነባነው ነገር ጥላ ያለው መቀመጫ ነበር። ስዕሉ ያምር ነበር፤ ሞዴሉም እንደዚያው። ያለቀ ቀን ሁላችንም ከሥሩ ተቀምጠን ፎቶ ተነሳን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብንመጣ የተቀመጠ ሰው የለም። ጥላው መቀመጫውን ትቶ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሄዷል፤ የእግረኛው መንገድ ላይ ነው የተኛው። ግቢውን የሚያፀዱት እናት አይተውን "ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር፤ ማታ ማታ ፀሐዩ በዚህ በኩል ነው የሚገባው" አሉን። እውነታቸውን ነው። ያንን ግቢ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ያኔ የገባኝ ነገር ይህን ጽሑፍ አጽፎኛል። ስዕል ግምት ነው። ግምት ደግሞ ይፈተሻል፤ ያውም ገና ስህተቱ ቀላል ሳለ። ወረቀት ላይ የተገኘ ስህተት በላጲስ ይጠፋል። ሞዴል ላይ የተገኘ በመቁረጫ ይስተካከላል። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ የተገኘ ግን በመዶሻና በመሮ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ያስቀመጥኳቸው እያንዳንዱ የቀደመውን እንዲፈትሽ አድርጌ ነው። ምሳሌዬ ስድስት ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያ ያለው የውጪ መቀመጫ ነው። መንገዱ ግን ለሌላም ትንሽ ግንባታ ይሠራል።

ትንሽ ሥራ ምረጡ፣ ባለቤትም ይኑረው

የተማሪ ግንባታ ብዙ ጊዜ ሳያልቅ የሚቀረው በችሎታ ማነስ አይደለም። ሲጀመር በጣም ትልቅ ስለሚሆን ነው። መቀመጫ፣ የብስክሌት ማቆሚያ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የችግኝ ቤት፣ የዝናብ ውሃ የሚያሰርግ የአትክልት ቦታ፦ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ወለሉ ከ10 ካሬ ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሰው ጣሪያው ላይ የሚወጣበት ነገር አትሥሩ።

ተማሪ ትልቅ ነገር አይሠራም ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የዬል ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹን እውነተኛ ሕንፃ ያስገነባል። ሳሙኤል ሞክቢና ዲ. ኬ. ሩት በ1993 እ.ኤ.አ. በኦበርን ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ሩራል ስቱዲዮ ደግሞ በአላባማ ገጠር ለነዋሪዎች ቤት ሲሠራ ኖሯል። ግን እነዚህ ከጀርባቸው ወርክሾፕ አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የብዙ ዓመት ልምድ አለ። እናንተ አንድ ሴሚስተር ነው ያላችሁ።

ቦታው የማን እንደሆነ እወቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እኛ ከተመረቅን በኋላ ይህን ማን ያፀዳዋል? ማንስ ይጠግነዋል? መልስ የሚሰጥ ሰው ከሌለ ቦታ ቀይሩ።

እርሳስ ሳታነሱ ቦታውን ለኩ

ለዚህ ሁለት ሳምንት ስጡ። ብዙ ይመስላል። ግን ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ነገር ብቻ በደንብ ሥሩ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ከፀሐይ ጀምሩ። ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዘንግ ትከሉ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አረጋግጡ፤ ዘንጉ ካዘነበለ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ በየሰዓቱ፣ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ትንሽ ችካል ምቱ። ሰዓቱን ችካሉ ላይ ጻፉ። ከዘንጉ ሥር እስከ ችካሉ ያለውንም በሜትር ለኩ።

ቁጥሮቹን ማንበብ ቀላል ነው። ጥላው ከዘንጉ ጋር እኩል፣ ማለትም 1 ሜትር ሲሆን፣ ፀሐይ ከአድማስ 45 ዲግሪ ላይ ናት። 58 ሴንቲ ሲሆን 60 ዲግሪ ደርሳለች። 1 ሜትር ከ73 ሲሆን ደግሞ 30 ዲግሪ ላይ ወርዳለች። እነዚህን ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ፤ ኋላ ያስፈልጓችኋል።

ሰሜኑንም በዚሁ ዘንግ ታገኙታላችሁ። የስልክ ኮምፓስ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ከእውነተኛው ትንሽ የሚለየውን መግነጢሳዊ ሰሜን ነው፤ አጠገቡ ብረት ካለ ደግሞ ይሳሳታል። ጠዋት ወደ 3 ሰዓት ገደማ የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ። ከዘንጉ ሥር ሲባጎ አስራችሁ እስከዚያ ምልክት ባለው ርዝመት መሬቱ ላይ ክብ አስምሩ። ከሰዓት በኋላ የጥላው ጫፍ ያንን ክብ እንደገና የሚነካበት ሰዓት ይመጣል። እዚያም ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ ለእሱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ደግሞ ሰሜንና ደቡብ። የእኛ የመጀመሪያ ስዕል ሰሜኑ የተሳሳተ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ብንቆም ኖሮ እናገኘው ነበር።

የአንድ ቀን ልኬት ግን ዓመቱን አይናገርም። ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ጊዜ ወደ ሰኔ ወይም ወደ ታኅሣሥ ስንሄድ የቀትር ፀሐይ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ድረስ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ትሸሻለች። ይህን ሴክሽናችሁ (ግንባታው ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳየው ስዕል) ላይ በሌላ ቀለም አስምሩት።

ለነፋስ የሚያስፈልጋችሁ ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው። አራት አምስት እንጨት ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ራስ ከፍታ አስራችሁ፣ ወዴት እንደሚያዘነብል በተለያየ ሰዓት ጻፉ።

ሰውን መቁጠርም አትርሱ። በየ15 ደቂቃው ማን አለፈ፣ ማን ቆመ፣ የት ተደገፈ። ሰው ያለ መቀመጫ የሚቆምበት ቦታ መቀመጫ የሚፈልግ ቦታ ነው። ጠባቂዎችን፣ ጽዳት ሠራተኞችን፣ አትክልተኞችን አነጋግሩ። መጠይቅ አትበትኑ። ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ በዝናብ ጊዜ ውሃው የት ይተኛል? ሰው በየት በኩል ያቋርጣል? ከዚህ በፊት እዚህ ምን ተሞክሮ ነበር?

ውሃውን ራሳችሁም ፈትኑት። 30 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ሙሉት፣ ይስረግ። እንደገና ሙሉትና በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ሴንቲ እንደወረደ ለኩ። እስከ ማግስቱ ካልሰረገ የጣሪያውን ውሃ እዚያ አጠገብ አታፍስሱ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 10 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሊትር ይወርዳል። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ብቻ ካዘነበለ ያ ሁሉ በአንድ መስመር ነው የሚፈስሰው።

ከፕላን በፊት ሴክሽን

ተማሪ ከፕላን፣ ማለትም ከላይ ከሚታየው ስዕል፣ መጀመር ይወዳል። ለጥላ ግን ሴክሽን ይቅደም። የዘንጉ ቁጥሮች የሚያስፈልጉት እዚህ ነው።

የጣሪያው ጠርዝ በ2 ሜትር ከ40 ከፍታ ላይ ነው እንበል። የተቀመጠ ሰው ራስ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ልዩነቱ 1 ሜትር ከ20። ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን በራስ ከፍታ ላይ ያለው ጥላ ከጠርዙ 1 ሜትር ከ20 ይሸሻል። 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን ከ2 ሜትር በላይ። መቀመጫው ከፍታ፣ በ45 ሴንቲ ላይ ብትለኩት ደግሞ 3 ሜትር ከ40 ገደማ ይሆናል። የኛ ጥላ መንገዱ ላይ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጣሪያው ሰፊ ቢሆንም ኖሮ ብዙ አይረዳም ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። የቀትር ፀሐይን ጣሪያ ይመልሳታል። ዝቅ ያለችውን የጠዋትና የማታ ፀሐይ ግን የሚመልሳት የቆመ ነገር ነው፦ ግድግዳ፣ የእንጨት ርብራብ፣ ሐረግ የወጣበት ሽቦ። ሰዎች ማታ ማታ የሚቀመጡ ከሆነ ምዕራቡን ሸፍኑ። እኔ ከድፍን ግድግዳ ርብራብ እመርጣለሁ፤ ፀሐይዋን ይሰብራል፣ ነፋሱን ያሳልፋል።

ሞዴሉን ፀሐይ ላይ አውጡት

ሞዴሉን በ1፡20፣ ማለትም ከእውነተኛው 20 ጊዜ አሳንሳችሁ፣ ከካርቶን ሥሩ። ቆንጆ እንዲሆን አትድከሙ፤ ቶሎ ተቆርጦ ቶሎ የሚለጠፍ ይሁን። ብዙዎች በስልክ መብራት ጥላውን ይሞክራሉ። የስልክ መብራት ቅርብ ስለሆነ ጨረሩ ይበታተናል፣ ጥላውንም ያሰፋዋል። እውነተኛዋ ፀሐይ ደጅ አለችላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። የሞዴሉ ወለል ላይ 5 ሴንቲ የምትሆን ቀጭን ሽቦ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ይቺ በ1፡20 ያ የ1 ሜትር ዘንግ ናት። ከዚያ ሜዳ ላይ የለካችኋቸውን የጥላ ጫፎች በዚሁ ስኬል፣ ሰሜኑን ጠብቃችሁ፣ በሽቦዋ ዙሪያ አስፍሩ። 1 ሜትር ከ73 የነበረው 8 ሴንቲ ተኩል ገደማ ይሆናል። በየነጥቡ ሰዓቱን ጻፉ። አሁን ሞዴሉን ወደ ደጅ አውጡና የሽቦዋ ጥላ ጫፍ "9 ሰዓት" ያላችሁት ነጥብ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሞዴሉን አዘንብሉት። አንድ ሰው ይያዘው፣ ሌላው ፎቶ ያንሳ። ሞዴሉ ላይ የምታዩት ጥላ በዚያ ቀን በ9 ሰዓት የሚኖረው ጥላ ነው። ነጥብ በነጥብ ሂዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ ቀን ታያላችሁ።

ይህን ሲያዩ የተማሪዎች ፊት ሲለወጥ ማየት በጣም ደስ ይለኛል። ሁሌም አንዱ "ቆይ፣ ግድግዳውን ወደዚህ እናምጣው" ይላል። መቁረጫውን አጠገባችሁ አድርጉ።

በእውነተኛው ልክ ሞክሩት

ቦታው ላይ ሂዱ። በእንጨት፣ በገመድ፣ በካርቶንና በአሮጌ አንሶላ መቀመጫውንና ጣሪያውን በእውነተኛው ልክ አቁሙ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ቡድን ግን ብዙ ጊዜ ሲጸጸት ነው ያየሁት።

ተቀመጡበት። የመቀመጫው ከፍታ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ይሁን ይላሉ፤ እናንተ ጡብ ወይም ጣውላ እየደረባችሁ በ40፣ በ43፣ በ45 ሞክሩት። ረጅሙንም አጭሩንም፣ አዛውንትም ሕፃንም አስቀምጡ። ዓይናችሁ ከሰውየው ጉልበት ላይ አይነሳ። ከፍ ሲል እግር ይንጠለጠላል፣ ጭን ይጨነቃል። ዝቅ ሲል ደግሞ አዛውንት ለመነሳት እጃቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ይፈልጋሉ። አንዴ እንዲህ ስንሞክር አንድ አባት ለመነሳት እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፤ ምንም አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ነው የክንድ መደገፊያ ስዕሉ ላይ የገባው።

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው 90 ሴንቲ በ1 ሜትር ከ30 የሚሆን ቦታ ከጥላው ሥር ባዶ ተዉ። ጫፍ ላይ ሳይሆን ከሌሎቹ መሃል ቢሆን ይሻላል። ወለሉ ከፍ ካለ ተዳፋቱ ከ1፡12 አይበልጥ፤ ለ10 ሴንቲ ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ማለት ነው።

አፈሩን ጠይቁት

የአፈር ጡብ ወይም የጭቃ ግድግዳ ካሰባችሁ በማየት ብቻ አትወስኑ። ግልጽ የጠርሙስ ዕቃ አንድ ሦስተኛ አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና በደንብ ናጡት፤ አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሸክላው ከላይ ለመርጋት አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ንብርብሮቹን በማስመሪያ ስትለኩ የአፈሩን ድርሻ በግምት ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ፈተና በእጅ ነው። ጠጠሩን ለቅማችሁ አፈሩን በትንሽ ውሃ ለውሱ። 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው ጥቅል አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙትና ወደ ጠርዙ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይበጠሳል። የተበጠሰውን ለኩ። ከ5 ሴንቲ ካነሰ አሸዋው በዝቷል። ከ15 ሴንቲ ካለፈ ሸክላው በዝቷል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ወይም ጭድ ይጨመርበት። አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ጡብ ከመምታታችሁ በፊት ሦስት አራት ዓይነት ቅልቅል ሠርታችሁ አድርቁና እያነጻጸራችሁ ምረጡ።

የአፈር ግድግዳ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ከላይ ሰፊ ጣሪያ፣ ከታች የድንጋይ መሠረት። ዝናብ መሬት መትቶ የሚረጨው ውሃ ግድግዳውን ከሥር ይበላዋል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ቢያንስ 30 ሴንቲ ከመሬት ይውጣ።

ይህን በደንብ ያሳየው ገና ተማሪ ሳለ የገነባ ሰው ነው። ፍራንሲስ ኬሬ በበርሊን የአርክቴክቸር ተማሪ እያለ በትውልድ መንደሩ ጋንዶ፣ ቡርኪናፋሶ ውስጥ፣ ከነዋሪዎቹ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ሠራ። በ2001 እ.ኤ.አ. አለቀ። ግድግዳው የሸክላ አፈር ጡብ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው ግድግዳው ላይ አልተቀመጠም፤ በቀጭን ፌሮ በተበየደ ተሸካሚ ላይ ከጡቡ ኮርኒስ ከፍ ብሎ ቆሟል። ቆርቆሮው ሲግል ትኩስ አየሩ በመሃሉ ይወጣል፣ ክፍሉ ውስጥ አይወርድም። ጣሪያው ወደ ውጪ ስለሚወጣም ዝናቡ ግድግዳውን አያገኘውም። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ተቀበለ። እናንተም ለመቀመጫችሁ ቆርቆሮ ከመረጣችሁ ከሥሩ ሌላ ስስ ንብርብር አድርጉ፤ በመሃላቸው አየር የሚያልፍበት 10 ሴንቲ ያህል ክፍተት ይኑር።

ግንባታው

ስዕሉ ካለቀ በኋላ መሐንዲስ ይየው። ይህ ልመና አይደለም፤ ሰው ከሥሩ የሚቀመጥበት ጣሪያ ያለ መሐንዲስ ፊርማ አይቁም። ትንሽ ጣሪያ ላይ የሚያሰጋው ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሳይሆን ነፋሱ ነው። ቀላል ጣሪያን ነፋስ ወደ ላይ ይነቅለዋል። ስለዚህ መሠረቱ የሚሸከም ብቻ ሳይሆን የሚይዝም መሆን አለበት።

ቦታውን ስትተልሙ ማዕዘኑን በሜትር አውጡት። ከአንዱ ጥግ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። አራቱ ችካሎች ከቆሙ በኋላ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፤ እኩል ካልሆኑ አትቆፍሩ። ከፍታውን ለማስተካከል ውሃ የሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል፦ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ሁሌም እኩል ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ።

ኮንክሪቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ አድርጉት፤ ጆንያ አልብሳችሁ ውሃ አጠጡት። ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። የጊዜ ሰሌዳችሁ ላይ ይህን አስገቡ። ምሰሶ የምታቆሙበት ቀን ኮንክሪት ከፈሰሰበት ቀን ጋር ተጣብቆ የተጻፈበት ሰሌዳ ብዙ አይቻለሁ።

የእንጨት ምሰሶ ኮንክሪት ውስጥ አትቅበሩ። እንጨት በተቆረጠው ጫፉ በኩል ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያም ይበሰብሳል። የብረት እግር ሥሩለትና በብሎን እሰሩት፤ እንጨቱ ከመሬት 15 ሴንቲ ያህል ከፍ ይበል። ምሰሶዎቹ ሲቆሙ በሰያፍ እንጨት ሦስት ማዕዘን ሥሩ፤ አራት ማዕዘን ብቻውን ይወዛወዛል።

ሥራውን በሰው ሳይሆን በዕለት ክፈሉት፦ ዛሬ ቁፋሮ፣ ነገ ፌሮ፣ ከነገ ወዲያ መሙላት። ሁሉም ሁሉንም ይንካ። ሴቶቹ መዝጋቢ፣ ወንዶቹ ቆፋሪ የሚሆኑበት ቡድን ግማሹን ተማሪ ሳያስተምር ይጨርሳል። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ጠንካራ ጫማ ግዴታ ናቸው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። መሰላል ላይ የወጣ ሰው ሥሩ ያዥ ይኑረው። ድካም ሲመጣ መጋዝ ይቀመጥ።

ግንበኛና አናጢ ካገኛችሁ አብረዋችሁ ይዋሉ። ስትሠሩ "ይህ አይሆንም" ካሏችሁ ስዕሉን አትከላከሉ። ለምን እንደማይሆን ጠይቁና ስዕሉ ላይ በቀይ ጻፉት።

ካለቀ በኋላ

ያንኑ የ1 ሜትር ዘንግ ይዛችሁ ተመለሱ። መጀመሪያ በለካችሁበት ሰዓት፣ ከጥላው ውስጥና ከጥላው ውጪ፣ የአየሩን ሙቀት በሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትር ለኩ። ቴርሞሜትሩን ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው ሸፍኑት፤ አለበለዚያ የምታነቡት የራሱን ግለት ነው። የአየሩ ልዩነት ትንሽ ቢሆን አትደንግጡ። ጥላ በዋናነት የሚያስቀረው ቆዳችን ላይ የሚያርፈውን ጨረር ነው። ስለዚህ የመቀመጫውን እንጨትና ፀሐይ ላይ ያለውን ድንጋይ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ቢቻል የገጽ ሙቀት በሚለካ መሣሪያ አንብቡት። የተቀመጠውንም ሰው እንደ መጀመሪያው በየ15 ደቂቃው ቁጠሩና ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን አድርጓቸው።

ለሚያፀዱትና ለሚጠግኑት ሰዎች አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ፦ የትኛው ብሎን በየስንት ጊዜው ይጠብቅ፣ እንጨቱ መቼ ቀለም ወይም ዘይት ይቀባ፣ አሸንዳው በየት በኩል ይጠረግ። የብሎኖቹን መፍቻ ቁጥርም ጻፉበት።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ እርሳስ ይዛችሁ ሩጡ። ገና እርጥብ ሳለ፣ የተረጨው ውሃ ግድግዳው ላይ እስከ የት እንደወጣ በቀጭኑ አስምሩና ቀኑን ከጎኑ ጻፉ። መስመሩ ከድንጋዩ በላይ ከሆነ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ጠጠር አፍስሱና የሚቀጥለውን ዝናብ ጠብቁ።